የእናት ቤት ጣራና መስኮት

ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል ከይፋግ የተላከው አራት ገጽ ሙሉ ነው። ጸሐፊዋ ስማቸው እንዳይወጣ ስለ ጠየቁ ፈቃዳቸውን ጠብቀናል። የሦስት ልጆች እናት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱባቸው ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በገበያ ቀን እህልና በርበሬ ይሸጣሉ። የልጆቻቸው የትምህርት ወጪ የሚሸፈነው ግን ከገበያው አይደለም። ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ ከፋሲል ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ እናታቸው ለልጆቻቸው ትተውት ያለፉት አንድ አሮጌ ቤት አለ፤ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው በእሱ ኪራይ ነው።

ቤቱ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ግራና ቀኙ ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ እናታቸው ይኖሩበት ስለ ነበር በእጃቸው ቀረ። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ዝጎ ያፈሳል። መስኮቶቹ ባለ ሁለት መዝጊያ የእንጨት ናቸው፤ የአንዳንዱ ግርጌ በስብሷል። ውጭ አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው ይህን ሲሰማ በስልክ፣ «እታለም፣ ያን ሁሉ አሮጌ እንጨት ነቅላችሁ ጣሉት፤ አሉሚኒየም ከነመስተዋቱ ይግባበት፣ ጣራውም ባለ ቀለም ቆርቆሮ ይሁን፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» አለ። ሠራተኞች መጡ። አንዱን መስኮት ነቅለው ሁለተኛውን ሲጀምሩ አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው ደርሶ፣ «ይህ ሰፈር የቅርስ ሰፈር ነው፤ ፈቃድ ሳይኖራችሁ መንካት አትችሉም» ብሎ አስቆማቸው። ከዚያ ወዲህ የመስኮቱ ቦታ በላስቲክ ተሸፍኗል። ተከራይዋ እስከ ጥቅምት ካልተሠራ እለቃለሁ ብላለች። ደብረ ታቦር ያሉት ታላቅ እህታቸው ደግሞ፣ «ሸጠን እንገላገል» ይላሉ። ጠያቂያችን በመጨረሻው ገጽ፣ «የገዛ እናቴን ቤት መስኮት ለመለወጥ ማንን ነው የማስፈቅደው? ዝናቡስ ፈቃድ ጠይቆ ይገባል?» ብለው ጽፈዋል።

ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። እኔ በበኩሌ አሮጌ የሆነ ሁሉ እንዳይነካ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ቤቱ ቅርስ ነው እየተባለ ሲመሰገን፣ ሌሊት ተነሥታ ከሚያፈሰው ጣራ ሥር ድስትና ባልዲ የምትደረድረው፣ የራሰ ፍራሽ የምታሰጣው፣ የልጇን ሳል የምታዳምጠው ያች ቤት ውስጥ ያለችው ሴት ናት። ይህን ያልቆጠረ የቅርስ ጥበቃ ንግግር ጎዶሎ ነው። ሆኖም መስኮቱን ያስቆመው ሰው ያለ ምክንያት የመጣ አይመስለኝም፤ ስለዚህ አስቀድመን ምክንያቱን እንይ።

ጠያቂያችን ከይፋግ ተነሥተው በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ሲጓዙ እንፍራዝ አጠገብ ከኮረብታው ላይ አንድ የቆየ ግንብ ይታያል። ጉዛራ ነው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን የተሠራ፣ ከጎንደር ግንቦች የሚቀድም። እ.ኤ.አ. በ1979 ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ፣ የፋሲል መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም እና ይኸው ጉዛራ በአንድነት ተቆጥረው ነው። ጎብኚ ፋሲል ግቢን ለማየት ሲመጣ የሚያየው ግን ግንቡን ብቻ አይደለም። ወደ ግንቡ የሚያደርሰውን መንገድ፣ በመንገዱ ዳር ተያይዘው የቆሙትን ቤቶች፣ የጣራቸውን ከፍታ፣ የመስኮታቸውን አቀማመጥ ጭምር ነው። ከተያያዙት ቤቶች መካከል አንዱ በሰማያዊ መስተዋት ቢያብረቀርቅ የሚለወጠው የዚያ ቤት መልክ ብቻ ሳይሆን የመንገዱ ሁሉ መልክ ነው። ጎረቤት ይህን ያይና ይከተላል፤ ከዓመታት በኋላ ሰፈሩ የትም ያለ ሰፈር ይመስላል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ፣ የጥገና ሥራም ከመጀመሩ በፊት የሚመለከተውን ባለሥልጣን እንዲያስፈቅድ ደንግጓል። ይኸው አዋጅ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከወጪው ከፊሉን ሊረዳ እንደሚችልም ያመለክታል። የመጀመሪያውን ክፍል ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ጠያቂያችን ወደ ከተማው ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ሲሄዱ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ። ቤታቸው በቅርስነት ተመዝግቧል ወይስ በቅርስ ክልል አጠገብ የሚገኝ ተራ ቤት ነው? ከቤቱ የትኛው ክፍል ነው እንዳለ መቆየት ያለበት? የተመዘገበ ከሆነስ ለጥገናው የሚደረግ እርዳታ አለ? መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል «አይቻልም» ያለው ሹም ነገ ቢዛወር የሚመጣው ሌላው ሌላ ሊል ይችላል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ግን ከመዝገቡ አይጠፋም። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የከተማው ክፍልም ለብቻው ስለ ሆነ እዚያም መጠየቅ ያስፈልጋል። ከመሄዳቸው በፊት ቤቱን ከፊትም ከውስጥም ፎቶግራፍ ያስነሡት።

ይህ ችግር የጎንደር ብቻ አይደለም። ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ስሙን ካስጠሩት ነገሮች አንዱ ቤቶቹ ናቸው። ጠባብ መንገድ ዳር ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የቆሙ፣ ከውጭ ጭር ያሉ፣ ከውስጥ ግን ነደባቸው ደረጃ በደረጃ ከፍ ያለ፣ ግድግዳቸው በሳህንና በሙዳይ ያጌጠ። የዚያን ቤት ውስጥ አሰናድታ የምትይዘው ሴቲቱ ናት። የጥንቱ ጣራ ጠፍጣፋ ሆኖ በእንጨት ወራጅ ላይ አፈር የተደለደለበት ነው፤ ቤቱን በቀን ከሙቀት፣ በሌሊት ከብርድ ያስጥላል። ግን በየጊዜው መደልደልና መጠገን ይፈልጋል፤ ወራጁም የሚሆን እንጨት እንደ ድሮው አይገኝም። ስለዚህ ብዙ ሰው ቆርቆሮ አለበሰው። ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም፤ ነገር ግን ቆርቆሮው በቀትር ቤቱን ምድጃ ያደርገዋል፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሰው ከሰው አያነጋግርም። አዲስ ነገር ሲገባ የሚወጣው አሮጌው ምን ጥቅም ይሰጥ እንደ ነበር ማሰብ ደግ ነው።

በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣ ሕግ ከተሞች መልካቸው ሊጠበቅ የሚገባውን ሰፈር ለይተው እንዲከልሉ ተደርጓል። ለንደን ውስጥ በተያያዙ አሮጌ ቤቶች የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ያውቁታል፤ በአንዳንዱ ሰፈር የእንጨት መስኮት ነቅሎ የፕላስቲክ ለመግጠም ወይም የጣራውን ዓይነት ለመለወጥ ማዘጋጃ ቤቱን ማስፈቀድ ግድ ነው። የጠያቂያችን ወንድም «ይህ የኋላ ቀር አገር ነገር ነው» ማለቱን ደብዳቤው ይገልጻል። እንግዲህ ይህን ይንገሩት።

ወደ ሥራው እንመለስ። የመጀመሪያው ጥያቄ የተነቀለው መስኮት የት ነው የሚል ነው። ደብዳቤው፣ «ጓሮ ተጥሏል» ይላል። ጠያቂያችን ይህን ሲያነቡ ዛሬውኑ ለተከራይዋ ይደውሉና ደረቅ ቦታ ከወለል ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ያድርጉ። ምድጃ ከገባ በኋላ ተመሳሳዩን ማሠራት ብዙ ገንዘብ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም የሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ነገር እሱ ሊሆን ይችላል።

መስኮት ሲበሰብስ ከላይ እስከ ታች እኩል አይበሰብስም። ውኃ የሚቋጥረው ግርጌው ነው። የቢላዋ ጫፍ ይዘው እንጨቱን ወጋ ወጋ ያድርጉት። ቢላዋው የሚሰምጥበት በስብሷል፤ የሚመልሰው ጤነኛ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የታችኛው አግዳሚና የመዝጊያው ጫፍ ብቻ ተበልቶ የቀረው እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ነው፤ ምክንያቱም የድሮ አናጢ የሚመርጠው ጥድ፣ ወይራ ወይም ዋንዛ ነበር። እንዲህ ያለውን እንጨት ጥሎ በእርጥብ ባሕር ዛፍ መተካት ኪሳራ ነው፤ እርጥቡ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ መዝጊያውም አልገጥም ይላል። የተበላውን ቆርጦ በዓይነቱ እንጨት መቀጠል የሚችል አናጢ ይፈለግ። እንዲህ ያለ እንጨት ከፈረሱ ቤቶች በርና መስኮት ይገኛል፤ ብዙ ዓመት የደረቀ ስለ ሆነም ከአዲሱ ይመረጣል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚባለው ለሌላ ነገር ቢሆንም ለመስኮትም ይሠራል፤ አንድ ጣት የሚያህል ብስባሽ ሲታይ የተጠገነ መስኮት ሌላ ትውልድ ያገለግላል።

ከተጠገነ በኋላ የተልባ ዘይት ጠጥቶ እንዲደርቅ ማድረግ ከዝናብ ይጠብቀዋል፤ ቀለም የሚቀቡ ከሆነም ከዘይቱ በኋላ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ ከተቀመጠ እሳት ሳይነካው በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ጨርቁን ዘርግቶ ውጭ ማድረቅ ወይም ውኃ ባለበት ቆርቆሮ መክተት ነው እንጂ ጓዳ ጥግ መወርወር አይገባም። ልጆች ባሉበት ቤት በተለይ።

የወንድምየው ሐሳብ ሁሉም ከንቱ አይደለም። መስተዋት የሌለው የእንጨት መስኮት ሲዘጋ ቤቱ ይጨልማል፣ ሲከፈት አቧራና ብርድ ይገባል፤ ልጅ ለማጥናት ብርሃን ይፈልጋል። መፍትሔው የእንጨቱን መዝጊያ ከውጭ እንደ ነበረ ትቶ፣ ግድግዳው ወፍራም ስለ ሆነ፣ ከውስጥ በኩል ቀጭን የእንጨት ክፈፍ ያለው መስተዋት መግጠም ነው። ከመንገድ ላይ የሚታየው የድሮው መስኮት ነው፤ ከውስጥ ያለችው ግን ብርሃኗን ታገኛለች። ይህን በንድፍ አስደግፎ ለመሥሪያ ቤቱ ማቅረብ «አሉሚኒየም ላስገባ» ከማለት ይሻላል። ደግሞም ተንሸራታች አሉሚኒየም ሲከፈት ግማሹ ሁልጊዜ ዝግ ነው፤ ባለ ሁለት መዝጊያው የእንጨት መስኮት ግን ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ምግብ በሚበስልበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ጣራው። መስኮት ቢዘገይ ላስቲክ ያስታግሰዋል፤ ጣራ ግን አይዘገይም፤ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ከላይ ውኃ ከገባው ያብጥና ይደረመሳል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ጣራ፣ ቀጥሎ ግድግዳ፣ መስኮት በመጨረሻ ይሁን። ሠራተኞቹ መስኮት ነቅለው መጀመራቸው ራሱ የተገለበጠ ነበር።

የሚያፈስ ጣራ ሁሉ የሚለወጥ ጣራ አይደለም። በቀን ቤቱን አጨልሞ ወደ ላይ ማየት ነው። ኮርኒስ ካለ በአንድ ጥግ በኩል ተከፍቶ ይታይ። ብርሃን የሚገባው በሚስማሩ ዙሪያ ብቻ ከሆነ ቆርቆሮው ገና ነው፤ የላላው ሚስማር ወጥቶ ወፈር ያለ ሚስማር ከጎማው ጋር ይመታበታል። ብርሃኑ እንደ ወንፊት ከተበተነ ግን ያ ቆርቆሮ አልቆለታል። ከወራጁና ከማገሩም የተበላ እንዳለ በመዶሻ እየኳኳ የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ነቀዝ የበላው እንጨት ድምፁ ባዶ ነው። በበሰበሰ ማገር ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ገንዘብን ለንፋስ መስጠት ነው።

አዲስ ሲገዛ ገበያ ላይ የሚጠየቀው ጌጁ ነው። ብዙ ሰው ቁጥሩ ከፍ ሲል ቆርቆሮው የሚወፍር ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ባለ 28 ጌጅ ከባለ 32 ይወፍራል፣ ባለ 35 ደግሞ ከሁሉም የሳሳ ነው። ቸርቻሪው «ያው ነው» ቢል አይመኑት፤ ሁለቱን አንሥቶ በእጅ መመዘን ይበቃል። ሲመታም ሚስማሩ የሚያርፈው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳው አይደለም። ጎን ለጎን ሲደራረብ አንድ ጉብታ አይበቃም፤ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ይሁን። በላይና በታች የሚደራረበውም ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። አሮጌውን ቆርቆሮ በአዲስ ቆርቆሮ መተካት፣ ከፍታውና ዘንበል ማለቱ ሳይለወጥ፣ ብዙ ክርክር የሚያስነሣ አይመስለኝም፤ ቀለም ያለው ከሆነ ግን ቀለሙን አስቀድመው ያስፈቅዱ።

የተያያዘ ቤት ጣራ የራሱ ጣጣ አለው። ውኃ የሚገባው ብዙ ጊዜ በመሐል ሳይሆን የእኛና የጎረቤት ጣራ በሚገናኙበት ግድግዳ ላይ ነው። እዚያ የሚታጠፈው ላሜራ ከተነቀለ አንዱ ጣራውን ቢያሳድስም ማፍሰሱ አይቆምም፤ የአንዱ አሸንዳ ከተደፈነም የሌላው ግድግዳ ይርሳል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግራና ቀኙን ጎረቤት ቡና ጠርቶ መነጋገር ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ ቢያሠሩ የአናጢውና የመሰላሉ ወጪ ይካፈላል፤ ለመሥሪያ ቤቱም ሦስት ቤት በአንድ ማመልከቻ ሲቀርብ ክብደት አለው። ይህን የሚያስተባብረው ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ሴቶች እድር ነው፤ ተከራይዋ አባል ከሆነች በእሷ በኩል ይጀመር።

ግድግዳውን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሠራተኛ «በሲሚንቶ ልምረግልዎት» ቢል እሺ አይበሉ። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ እርጥበቱን ወደ ውጭ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ሲደፈንበት ውኃው ውስጥ ይቀርና ግድግዳውን ያላላዋል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በፋሲል ግቢ ጥገና የገባው ሲሚንቶ በኋላ እየወጣ በኖራ የተተካውም አለ ምክንያት አይደለም። ለነገሥታቱ ግንብ ያልበጀ ለእናታቸው ቤትም አይበጅም፤ ኖራ ይበቃል።

«ይሸጥ» ስለሚለው ሐሳብ። ሦስቱም ልጆች ወራሾች ናቸው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴትና ወንድ ልጅን በውርስ አይለይም። በጋራ የተያዘን ቤት አንዱ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም፤ አንዱ ብቻውን መልኩን ሊለውጠውም እንዲሁ። ስለዚህ ወንድምየው ገንዘብ ስለ ላከ አዛዥ አይሆንም፤ ታላቅ እህትም ስለ ሰለቻቸው አይሸጡም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። የሚላከው ገንዘብ ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ወይስ ነገ ከድርሻው በላይ የሚጠይቅበት ነው? ደብዳቤው ስለዚህ ምንም አይልም። ወንድምና እህት በፍርድ ቤት የሚገናኙት ዛሬ ለመጠየቅ በማፈራቸው ነው። ሦስቱም በስልክም ቢሆን ተነጋግረው፣ ሽማግሌ ፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ይጻፉት፤ የኪራዩ ገቢ ለጊዜው ለማን እንደሚውልም አብሮ ይገለጽ። የጠያቂያችን ልጆች ትምህርት የተንጠለጠለው በዚህ መስመር ነው።

በደብዳቤው ግርጌ በጥቂት ቃል የተጠቀሰ፣ ለእኔ ግን ትልቅ የመሰለኝ ነገር አለ። ጠያቂያችን ራሳቸው ይፋግ የሚኖሩበት የጭቃ ቤት ግድግዳው ተሰነጣጥቋል፣ የመኝታ ክፍሉ መስኮትም አይዘጋም። «እሱ ይቆይ፣ የጎንደሩ ይቅደም» ይላሉ። አይሆንም። ይፋግ የቆየች የገበያ ከተማ ናት፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ነጋዴ አሞሌውን ጭኖ የሚያራግፍባት ነበረች። ይሁን እንጂ በአካባቢዋ ወባ አለ፤ በሊቦ ከምከም ወረዳም በ1997 ዓ.ም. ካላዛር ተነሥቶ ብዙ ሰው ታሟል። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ያነሰች ናት፤ ቀን ቀን በግድግዳና በመሬት ስንጥቅ ተደብቃ ሌሊት ትወጣለች። ጭቃ በጭድ አቡክቶ ስንጥቁን መምረግ፣ መስኮቱን የሚዘጋ አድርጎ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት መምታት፣ ልጆችን ከአጎበር ሥር ማስተኛት ከጎንደሩ ቤት ወጪ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። የዚህን ቤት መስኮት ማንንም ሳያስፈቅዱ መለወጥ ይችላሉ። ከወንድማቸው ገንዘብ ለዚህ የሚሆነውን ቢጠይቁ ነውር የለውም፤ የእህቱ ልጆች የሚያድሩበት ቤት ነው።

ለተከራይዋ ደግሞ እንዲህ ይበሏት። ማመልከቻው እስኪመለስ ድረስ ላስቲኩ ተነሥቶ የተነቀለው መስኮት በነበረበት በጊዜያዊነት ይገጠማል። የኪራዩም ገንዘብ እስኪጠገን ድረስ በመጠኑ ይቀነስላታል። ለሁለት ወር ጥቂት ማጣት ቤቱ ባዶ ሆኖ ከመክረሙ ይሻላል። ለጥገናው የሚሆነው እንጨት ከአሁኑ ተገዝቶ በጥላ ሥር ይድረቅ፤ ማመልከቻው ዝናቡ ሳያባራ ይግባ፤ አናጢውም ለጥቅምት መጀመሪያ ይያዝ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ጣራ የሚያሠራበት ጊዜ ስለ ሆነ ደህና ሠራተኛ አይገኝም።